ከመጠኑ ባሻገር አዘገጃጀቱ፦ ዕድሜ፣ የፕሮቲን ልመትና የጥራጥሬ ምግቦቻችን

ስለ አረጋውያን አመጋገብ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ «ሥጋ፣ ዕንቁላልና ወተት ይጨምሩ»። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ሳይመረምር ያልፋል። አንደኛ፣ የተበላው ፕሮቲን ሁሉ በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ልክ በወጣት ሰውነት እንደሚሆነው ተፈጭቶ ለጡንቻ ይደርሳል ብሎ ያስባል። ሁለተኛ፣ የአብዛኛው ኢትዮጵያዊ አረጋዊ ፕሮቲን የሚገኘው ከሥጋና ከወተት ሳይሆን ከእህልና ከጥራጥሬ መሆኑን ይዘነጋል።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። እርጅና በአግባቡ የተዘጋጀን ፕሮቲን የመፍጨት ዐቅም የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው፤ በአግባቡ ያልተዘጋጀን ፕሮቲን የመፍጨት ዐቅም ግን በብዙ ይጎዳል። ስለዚህ ለአረጋውያን ምክር ስንሰጥም ሆነ ጥናት ስንነድፍ ጥያቄያችን «ስንት ግራም?» ብቻ ሳይሆን «በምን መልክ ተዘጋጅቶ?» የሚል ጭምር ሊሆን ይገባል። ይህንንም በራሳችን ምግቦች ላይ ለክቶ የማሳየት ኃላፊነት የሚወድቀው በአገራችን የምግብና የሥነ ምግብ ትምህርት ክፍሎች ላይ ነው።

ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ክርክር ብቻ አይደለም። ጡንቻው የመነመነ አረጋዊ ከዱካ ለመነሣት የሰው እጅ ይሻል፤ ይወድቃል፤ ሲወድቅም አጥንቱ ይሰበራል። አንድ አረጋዊ በራሱ ጉልበት ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለሱና በልጆቹ ትከሻ ላይ መውደቁ በከፊል የሚወሰነው በየዕለቱ በሚበላው ፕሮቲንና ከእርሱም ወደ ጡንቻው በሚደርሰው መጠን ነው።

የልመት ጉዞ በእርጅና ዘመን

የፕሮቲን ልመት፣ ማለትም የፕሮቲን መፈጨት፣ ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአፍ ነው። ምራቅ ራሱ ፕሮቲንን ባይሰባብርም ጥርስ ምግቡን አድቅቆ ኢንዛይሞች የሚሠሩበትን ገጽ ያሰፋል። ቀጥሎ በጨጓራ ውስጥ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የተጠቀለለውን የፕሮቲን ቅርጽ ይፈታል፤ ፔፕሲኖጅንንም ወደ ፔፕሲን ይለውጣል፤ ፔፕሲን ደግሞ ረጅሙን ሰንሰለት መቆራረጥ ይጀምራል። በትንሹ አንጀት ውስጥ ከቆሽት የሚመነጩት ትሪፕሲን፣ ካይሞትሪፕሲን፣ ኢላስቴዝና ካርቦክሲፔፕቲዴዞች ሥራውን ይቀጥላሉ። በመጨረሻም በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ያሉ ኢንዛይሞች የቀረውን ያጠናቅቁና ነጠላ አሚኖ አሲዶች እንዲሁም ሁለትና ሦስት አሚኖ አሲዶችን የያዙ ቁርጥራጮች ይመጠጣሉ።

ዕድሜ ከእነዚህ ደረጃዎች ሁሉንም እኩል አይነካም። በግልጽ የሚጎዳው አፍ ነው፦ ጥርስ ይወልቃል፣ የማኘክ ኃይል ይቀንሳል፣ ምራቅም በተለይ በመድኃኒቶች ምክንያት ያንሳል። በጨጓራ በኩል ግን ነገሩ ከሚታሰበው የተለየ ነው። ለረጅም ጊዜ እርጅና በራሱ የጨጓራን አሲድ ያደርቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ሕመም ጋር ካያያዙ ወዲህ፣ ለዚህም ሥራቸው በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፣ ግንዛቤው ተለውጧል። ጤነኛ የሆኑ አብዛኞቹ አረጋውያን የጨጓራ አሲዳቸውን ይዘው ይቆያሉ። አሲዱ የሚጠፋው በዋናነት ለብዙ ዓመታት የዘለቀ የባክቴሪያው ቁስለት የጨጓራውን ሽፋን ባሳሳባቸው ሰዎች ላይ ነው። ይህ ልዩነት ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በአገራችን ይህን ባክቴሪያ የተሸከመው ሰው ግማሽ ያህል መሆኑን የተለያዩ ጥናቶች ሲደመሩ ያሳያሉ። ስለዚህ ከበለጸጉ አገሮች አረጋውያን የተገኘ «የጨጓራ አሲድ በእርጅና ብዙም አይቀንስም» የሚል መደምደሚያ እንዳለ ተወስዶ ወደ እኛ አረጋውያን ሊዛወር አይገባም።

በዚህ ላይ መድኃኒት ይጨመራል። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የጨጓራን አሲድ በኃይል ይቀንሳሉ። በቤልጂየም የሌቨን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ኦሜፕራዞል ወስደው ዕንቁላል ሲመገቡ የፕሮቲን ልመታቸው መቀነሱንና ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት የሚያልፈው ፕሮቲን መጨመሩን አሳይተዋል። ለወራትና ለዓመታት ይህን መድኃኒት ሳያቋርጥ የሚወስድ አረጋዊ ሲገጥመን ስለ አመጋገቡ ስንጠይቅ ስለ መድኃኒቱም መጠየቅ ይኖርብናል።

ቆሽት በአንጻሩ ሰፊ ተጠባባቂ ዐቅም ያለው አካል ነው። በዕድሜ ምክንያት የኢንዛይም ምርቱ ቢቀንስም፣ ስብና ፕሮቲን ሳይፈጩ በዓይነ ምድር በግልጽ መታየት የሚጀምሩት ምርቱ ከመደበኛው ወደ አንድ አስረኛ ሲወርድ ነው። የአንጀት ግድግዳም በጤነኛ አረጋዊ የመምጠጥ ዐቅሙን በአብዛኛው እንደጠበቀ ይኖራል።

አንጀቱ ብቻውን ተጠያቂ አይደለም

ከላይ ያለው ማጠቃለያ ወደ አንድ አስገራሚ የጥናት ውጤት ያደርሰናል። በኔዘርላንድስ የማስትሪክት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣትና አረጋውያን ወንዶችን የተጣራ የወተት ፕሮቲን፣ ማለትም ኬዚን፣ አጠጥቶ ሲያነጻጽር በልመትና በመመጠጥ ፍጥነታቸው መካከል ልዩነት አላገኘም። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ተሳታፊዎቻቸውን የሚጠጣ የተጣራ ፕሮቲን ሳይሆን የተደባለቀ እውነተኛ ቁርስ ሲያበሉ በአረጋውያኑ ደም ውስጥ አሚኖ አሲዶች ዘግይተው እንደሚታዩ አሳዩ። ሁለቱ ውጤቶች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ እኔ ግን አይጋጩም እላለሁ። የመጀመሪያው ሥራ የቀለለለትን አንጀት ለካ፤ ሁለተኛው ሥራ የበዛበትን ለካ። የእርጅና ጉድለት የሚገለጠው ሸክሙ ሲከብድ ነው።

ከአንጀት ካለፈም በኋላ አሚኖ አሲዱ በቀጥታ ጡንቻ አይደርስም። የአንጀት ግድግዳና ጉበት የራሳቸውን ድርሻ አስቀድመው ይወስዳሉ። ኢቭ ቧሪ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጡ ውጤቶቻቸው በአረጋውያን ወንዶች ዘንድ ይህ የመጀመሪያ ድርሻ ለሊዩሲን ከወጣቶቹ እጥፍ ገደማ መሆኑን ዘግበዋል። ጡንቻውም ቢሆን ለደረሰው አሚኖ አሲድ የሚሰጠው ምላሽ ይደነዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የሙርና የባልደረቦቹ ትንተና መሠረት የጡንቻን ግንባታ በአንድ ገበታ እስከ ጣሪያው ለማነሣሣት ወጣት በኪሎ ግራም ክብደቱ 0.24 ግራም ያህል ጥራት ያለው ፕሮቲን ሲበቃው አረጋዊ 0.40 ግራም ያህል ያስፈልገዋል።

በዚህም ምክንያት የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለአዋቂ ሁሉ ያስቀመጡት በቀን በኪሎ ግራም 0.83 ግራም የሚለው መጠን ለአረጋውያን አይበቃም የሚሉ የባለሙያ ቡድኖች ተነሥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013ና በ2014 የወጡት ምክሮቻቸው ለጤነኛ አረጋዊ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይላሉ። ይህን መጠን የማሳደግ ሐሳብ እደግፋለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን ከተወሰደ ያሳስታል። የመነሻው ማስረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከወተት ፕሮቲን፣ ከዕንቁላልና ከሥጋ ሲሆን፣ አንድ ግራም የተጣራ የወተት ፕሮቲንና አንድ ግራም የባቄላ ፕሮቲን በአረጋዊ ሆድ ውስጥ እኩል አይደሉም።

የአዘገጃጀት ፍርድ

አዘገጃጀት ምን ያህል እንደሚወስን ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሦስቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው የፈረንሳይ ነው። ሬሞንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ጥርሳቸው ሙሉ የሆነ አረጋውያንን ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚጠቀሙት ጋር በማነጻጸር ሁለቱንም አንድ ዓይነት ሥጋ አበሏቸው። የማኘክ ዐቅማቸው ባነሰው ዘንድ ከሥጋው የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ወደ ደም የሚገቡበት ፍጥነት ዝቅ አለ፤ ከምግቡ በኋላ የነበረው የሰውነት ፕሮቲን ግንባታም አነሰ። ሥጋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማኘኩ ነው።

ሁለተኛው የዚሁ ተገላቢጦሽ ነው። የማስትሪክት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ለአረጋውያን ወንዶች 135 ግራም የበሬ ሥጋ አንድ ጊዜ በቁራጭ፣ አንድ ጊዜ ተፈጭቶ አቀረቡ። በስድስት ሰዓት ውስጥ ከተፈጨው ሥጋ ከተገኘው ፌኒልአላኒን 61 በመቶ ያህሉ በደም ሲታይ ከቁራጩ የታየው 49 በመቶ ያህል ነበር። እዚህ ላይ ግራሙም ዓይነቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የሥጋ መፍጫው ነው።

ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው ነው፤ ምንም እንኳ የተሠራው በአይጦች ላይ ቢሆን። ጊላኒና ሴፔህር በካናዳ የአምስት ሳምንት ወጣት አይጦችንና የ20 ወር ያረጁ አይጦችን የተለያዩ ፕሮቲኖች መግበው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ እንደ ኬዚን ባሉ በአግባቡ የተዘጋጁ ፕሮቲኖች ላይ በሁለቱ የዕድሜ ክልሎች መካከል የተገኘው የልመት ልዩነት ከ3 በመቶ አልበለጠም። ፀረ ንጥረ ምግብ በያዙት፣ ለምሳሌ ጥሬ ጥቁር ቦሎቄንና በደንብ ያልተዘጋጀ አኩሪ አተርን በመሳሰሉት ላይ ግን የአሮጌዎቹ አይጦች ልመት ከ7 እስከ 17 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

የዚህን ውጤት ምክንያት ማሰብ አያስቸግርም። ጥራጥሬ በተፈጥሮው ትሪፕሲንን የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች፣ ታኒንና ፋይቴት ይዟል። ወጣት ቆሽት ለእገዳው ተጨማሪ ኢንዛይም በማመንጨት መልስ ይሰጣል፤ ተጠባባቂ ዐቅሙ የሳሳበት ያረጀ ቆሽት ግን ይህን ያህል አይችልም። ሳይፈጭ የቀረው ፕሮቲን ደግሞ በትልቁ አንጀት በባክቴሪያዎች ተብላልቶ አሞኒያ፣ ፌኖልና ፓራ ክሬሶል ይሆናል። እነዚህን የማስወገዱ ሥራ በኩላሊት ላይ ይወድቃል፤ ኩላሊትም በዕድሜ የሚደክም አካል ነው። ስለዚህ የማይፈጭ ፕሮቲን መጨመር ጥቅም ካለመስጠቱ በላይ ሸክም ሊሆን ይችላል።

መለኪያዎቻችን የማንን ሆድ ይለካሉ?

እዚህ ላይ የሙያችንን መሣሪያዎች መመርመር ይገባል። በምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ላይ «ፕሮቲን» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የናይትሮጅን መጠን በተወሰነ አባዢ ተባዝቶ የሚገኝ ነው። ቁጥሩ ምግቡ ጥሬ ይሁን የተፈተገ፣ የበላው ሕፃን ይሁን የ75 ዓመት አዛውንት አይለይም።

የፕሮቲን ጥራት ነጥቦችም ቢሆኑ ከዚህ ችግር ነጻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ነጥብ ልመትን የሚያሰላው በማደግ ላይ ባሉ ወጣት አይጦች ዓይነ ምድር ነው። የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያቀረበው አዲሱ ነጥብ መለኪያውን ወደ ትንሹ አንጀት ጫፍ ማምጣቱ ትልቅ መሻሻል ነው። የሰው መረጃ በማይገኝበት ጊዜ ግን የሚመከረው በማደግ ላይ ያለ አሳማ ነው። አይጡም አሳማውም ወጣት፣ ጥርሱ የተሟላና ቆሽቱ ብርቱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለአዛውንት የምናዝዘውን ምግብ የምንመዝነው በጎረምሳ ሆድ ነው። ልዩነቱ ለወተት ቸል ሊባል ይችል ይሆናል። ፀረ ንጥረ ምግብ ላላቸው ጥራጥሬዎች ግን ከላይ የጠቀስኩት የአይጦች ጥናት ቸል አይባልም ይላል።

የሕዝብ መረጃችንም አረጋውያንን አያይም። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ክብደትና ቁመታቸው የሚለካው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶች ሲካተቱም እስከ 59 ዓመት ነው። ለእናቶችና ለሕፃናት ቅድሚያ መስጠቱ ተገቢ እንደ ነበር አልከራከርም። ነገር ግን የአገሪቱ አማካይ የመኖር ዕድሜ ከ65 ዓመት በላይ በደረሰበት ጊዜ ከስድሳ ዓመት በላይ ያለውን ሰው ከሚዛኑ ላይ ማውረድ ችግሩን እንዳናይ ያደርገናል።

ጓዳችን የያዘው ዕውቀት

ያልተለካ ነገር የለም ማለት አይደለም። ሽሮ እንዴት እንደሚዘጋጅ እናስብ። አተሩ ወይም ሽምብራው ተለቅሞ ይታጠባል፤ በብዙ ቤት ይነከራል ወይም ጥቂት ይቀቀላል፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ይታመሳል፤ ይከካል፤ ልጣጩ ይበጠራል፤ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል፤ በመጨረሻም ዱቄቱ በውኃ ረጅም ጊዜ ይንተከተካል። በምግብ ሳይንስ ዓይን እያንዳንዱ እርምጃ ሥራ አለው። መንከር የሚሟሙትን ፀረ ንጥረ ምግቦች ይቀንሳል፤ መከካትና ማበጠር በልጣጩ የተከማቸውን ታኒን ያስወግዳል፤ ሙቀት፣ በተለይ እርጥብ ሙቀት፣ ትሪፕሲን አጋጆችን ያመክናል፤ መፍጨት ጥርስ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ ይሠራል። እህልን ማብቀልና ሊጥን ማቡካት ደግሞ ፋይቴትን ይቀንሳሉ። ከባቄላ ዱቄት የሚዘጋጁት ስልጆና እልበት፣ በጎጃም ለቀናት በውኃ ተዘፍዝፎ ምሬቱ የሚወጣለት ግብጦም በዚሁ መንፈስ ሊታዩ ይችላሉ።

በአንጻሩ ቆሎና ንፍሮ አሉ። የባቄላ ቆሎና የባቄላ ሽሮ በሠንጠረዥ ላይ ተቀራራቢ የፕሮቲን መጠን አላቸው። ለ25 ዓመት ወጣት ልዩነታቸው ያን ያህል ላይሆን ይችላል። ጥርሷ ለወለቀ፣ ጨጓራዋ ለሳሳ የ75 ዓመት እናት ግን ሁለቱ አንድ ምግብ አይደሉም። ቤተሰብ ለአያት ምግብ ሲያለዝብ፣ ሲፈተፍትና ሲያላምጥ «ጥርስ የላቸውም» ብሎ ብቻ ነው። ከላይ ያየናቸው ጥናቶች ግን የሚሉት ልማዱ ለጥርስ ብቻ ሳይሆን ለጨጓራና ለቆሽትም ጭምር የተደረገ እገዛ መሆኑን ነው።

ይህን ስል የጓዳውን ዕውቀት ያለ ምርመራ ለማወደስ አይደለም። ሽሮ ከመጠን በላይ ሲታመስ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ከስኳሮች ጋር ተያይዞ ጥቅም አልባ ይሆናል። ላይሲን ደግሞ ጥራጥሬ ለእንጀራ የሚያዋጣው ዋነኛ ስጦታ ነው፤ ጤፍ በላይሲን ሲያንስ ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ጥራጥሬ በሜታዮኒን ሲያንስ ጤፍ ይደግፈዋል። የቀጠነ ሽሮም ሌላ ችግር ነው፤ ውኃው በበዛ ቁጥር በገበታው ላይ ያለው ፕሮቲን ያንሳል።

አንድ የግምት ስሌት ነገሩን ያብራራል። 50 ኪሎ ግራም የምትመዝን አረጋዊት በአንድ ገበታ 0.40 ግራም በኪሎ ግራም ለማግኘት 20 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። 120 ግራም ገደማ የጤፍ ዱቄት የገባበት እንጀራ ወደ 12 ግራም፣ ከ40 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ ወጥ ደግሞ ወደ 8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። በወረቀት ላይ 20 ግራም ሞላ። ልመቱ 80 በመቶ ነው ብንል የሚደርሳት 16 ግራም ነው፤ አዘገጃጀቱ ደካማ ሆኖ ወደ 70 በመቶ ቢወርድ 14 ግራም ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ ለምትመገብ ሴት ይህ የ2 ግራም ልዩነት በዓመት ወደ አንድ ኪሎ ግራም ተኩል የሚጠጋ ፕሮቲን ነው። የምግብ ፍላጎቱ ለቀነሰ ሰው «ተጨማሪ ይብሉ» ከማለት የበሉትን እንዲጠቀሙበት ማድረግ ይቀላል።

ጾምም በዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም ቀናት ለምእመናን በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ፤ አጥብቀው የሚጾሙትም ብዙውን ጊዜ አረጋውያኑ ናቸው። «ወተትና ዕንቁላል ይጨምሩ» የሚለው ምክር ለዓመቱ ግማሽ ያህል ቀን ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። የምክር ሰጪው ድርሻ ከእምነታቸው ጋር መሟገት ሳይሆን በጾም ገበታ ላይ የትኛው ጥራጥሬ፣ በምን መልክ፣ በምን መጠን ቢቀርብ እንደሚሻል መናገር ነው። ዛሬ ይህን በማስረጃ ተደግፎ የሚናገር ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል፤ ለእርሱ የሚሆነውን መረጃ ገና አላቀረብንለትምና።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «የአረጋዊው ችግር ድህነት ነው፤ በቂ ምግብ በሌለበት ስለ ልመት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። እኔ ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። ሥጋ መግዛት ለሚችል ሰው የልመት ኪሳራ በሌላ ጉርሻ ይካካሳል። ገበታው ጠባብ ለሆነ ሰው ግን የሚባክነው እያንዳንዱ ግራም የማይተካ ነው። አዘገጃጀትን ማሻሻል ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዱቄት ወተት ከመግዛት ይረክሳል።

ሁለተኛው «ማስረጃህ ከአይጥና ከበሬ ሥጋ የመጣ ነው» የሚለው ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ የመከራከሪያዬም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ጥራጥሬ ላይ፣ በኢትዮጵያ አዘገጃጀት፣ በአረጋዊ የልመት ሁኔታ የተደረገ ልኬት ያስፈልገናል። ከአይጥ የተገኘው ውጤት መደምደሚያ ሳይሆን የት መቆፈር እንዳለብን የሚያመለክት ምልክት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጤና ነው። ኩላሊታቸው በከፍተኛ ደረጃ የተጎዳ አረጋውያን ፕሮቲን እንዲጨምሩ መምከር ሊጎዳቸው ይችላል፤ ለእነርሱ መጠኑን መወሰን ያለበት ሐኪም ነው። ነገር ግን በትክክል ለእነዚህ ሰዎች አዘገጃጀት ይበልጥ ይጠቅማል፤ መጠን መጨመር በማይቻልበት ቦታ የሚቀረው መንገድ የተፈቀደውን ትንሽ ፕሮቲን በሚገባ እንዲፈጭ ማድረግ ነውና።

ምን ይደረግ?

እንደ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የማቀርበው ሐሳብ በእጃችን ባለው ዐቅም ሊሠራ የሚችለውን ነው።

አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የልመት አምሳያ መጀመር ይቻላል። ኢንፎጄስት የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች መረብ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአዋቂ ሰው የሚሆን አንድ ወጥ የሙከራ ሂደት አውጥቷል፤ በቅርብ ዓመታትም የጨጓራ አሲዱንና ኢንዛይሙን ቀነስ፣ ቆይታውን ረዘም በማድረግ ለአረጋውያን የተስማማ ሂደት አቅርቧል። ይህን ለመሥራት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የፒኤች መለኪያ፣ የሙቀት መጠኑን የሚጠብቅ የውኃ ገንዳ፣ ኢንዛይሞችና የናይትሮጅን መለኪያ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አሉ ወይም ሊገኙ ይችላሉ። አንድ የባቄላ ዝርያ በቆሎ፣ በንፍሮ፣ በክክ፣ በሽሮና በስልጆ መልክ አዘጋጅቶ በወጣትና በአረጋዊ የልመት ሁኔታ ማነጻጸር ለአንድ የማሟያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ውጤቱም በቀጥታ ወደ ምክር የሚለወጥ ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ የምግብ አሠራር ጥናቶቻችን ርእሳቸውን ያስፉ። በሽሮና በተጨማሪ ምግብ ላይ የሚሠሩ ሥራዎች ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በሕፃናት ምግብ ወይም በጣዕምና በመደርደሪያ ዕድሜ ላይ ነው። በተመሳሳይ ናሙና ላይ አንድ የአረጋዊ ልመት ሙከራ መጨመር ከፍተኛ ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ የመስክ ጥናት ስንነድፍ ከ60 ዓመት በላይ ያሉትን እናካትት። የበሉትን በግራም ስንመዘግብ አራት ጥያቄዎችን እንጨምር፦ ስንት ጥርስ ቀርቷል? የጨጓራ መድኃኒት ይወስዳሉ? ምግቡ በምን መልክ ቀረበ? በቀን ስንት ጊዜ በሉ? እነዚህ መልሶች ባሉበት «በቂ ፕሮቲን አግኝተዋል» የሚለው ድምዳሜ ይበልጥ የሚታመን ይሆናል።

አራተኛ፣ ምክር ሰጪዎች ከአሁኑ ሊናገሩት የሚችሉት ነገር አለ። ሥጋ ካለ ተፈጭቶ ወይም በሚገባ ተከትፎና በስሎ ይቅረብ። ጥራጥሬ ይነከር፣ ይከካ፣ በደንብ ይብሰል። ሽሮው ወፈር ይበል። ፕሮቲኑ በአንድ ገበታ ብቻ ከመከማቸት ሲቻል በእያንዳንዱ ገበታ ይከፋፈል። ከእነዚህ አንዳቸውም ተጨማሪ ጥናት እስኪጠናቀቅ መቆየት የሚኖርባቸው አይደሉም።

በምግብ ይዘት ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው የፕሮቲን ቁጥር የምግቡ እንጂ የተመጋቢው አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በወጣትነት ጠባብ ነው፤ በእርጅና ይሰፋል፤ ምግቡ በአግባቡ ሳይዘጋጅ ሲቀር ደግሞ የበለጠ ይሰፋል። ዕድሜን መመለስ አንችልም፤ የምግቡን አዘገጃጀት ግን መለካትም ማሻሻልም እንችላለን።